በሰርግ ዳስ የዋለ ችሎት

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸበት ቀን ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ያን ቀን ጠዋት ዳኛው ከዋርካው ሥር ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ግራ ቀኙን ሰምተናል» ካለ በኋላ ፍርዱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከገበያው ወዲያ ነጋሪት ተመታ።

ጥያቄህን አልረሳሁም፤ ልሳነወርቅ። የከተማችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነህና ስብሰባው አናትህን እንዳዞረው ይገባኛል። «በሽታው ጋብ ሲል ገበያውና መናኸሪያው ተከፈቱ፤ አሁን ደግሞ ግማሾቹ ስታዲየሙ ይከፈት ይላሉ፣ ግማሾቹ ቤተ እምነቱ ይቅደም ይላሉ፣ ሰላምታ እንኳ ተቋረጠ፤ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ የትኛው በር ይቅደም?» ብለኸኛል። እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን የገበሬውን ነገር ስማ።

ገበሬው ከወንዙ ዳር አንዲት ማሳ ነበረችው። ጥቁር አፈር ናት፤ ውኃ አይርቃትም፤ ቤቱ የሚበላው ከእርሷ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ባለጸጋ ነበረ። በአንድ ክረምት የድንበሩ ድንጋዮች ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ገበሬው ቤት ተጠጉ። ድንጋይ እግር የለውም፤ ባለጸጋ ግን ሎሌ አለው። ገበሬው ቢጮኽ ባለጸጋው፣ «ድንጋዮቹ ድሮም እዚያው ናቸው፤ የተንቀሳቀሰው ያንተ ዓይን ነው» አለው።

በዚያ አገር ልማድ አንድ ሰው ማሳን ሦስት ክረምት ካረሰና ዳኛ «ተው» ካላለው፣ ማሳው ለእርሱ ይጸናል። ባለጸጋው ሁለቱን ክረምት አርሶ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ሥራውን ጥሎ ዋርካው ሥር ተመላለሰ። ምስክር አቀረበ፤ ተከራከረ፤ ተሰደበ፤ ቻለው። በመጨረሻም ያ ሰኞ ደረሰለት።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ ነጋሪት መቺው። «በሽታ ገብቷል! ገበያ የለም፤ ጠጅ ቤት የለም፤ ማኅበር የለም፤ ሰርግ የለም፤ ችሎት የለም! በሰውና በሰው መካከል አንድ ሞፈር ይኑር!»

የሞፈሩን ነገር የመከሩት የአገሩ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። «ይህ ደዌ ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚዘል ነው፤ የእርሻ ሞፈር ያህል ርዝመት ግን መዝለል አይችልም» ብለው ነበር። ዳኛው ይህን ሲሰማ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። በጋቢው ሸፈነው። ተነሥቶም ወደ ቤቱ ሄደ።

ገበሬው አላጉረመረመም። በሽታው እውነተኛ እንደ ሆነ ያውቃል፤ በዚያው ሳምንት የአጎቱን ልጅ ከሩቅ ቆሞ ቀብሯል። ሚስቱ፣ «ፍርዱስ?» ብትለው፣

«ነፍስ ይቀድማል። ፍርዱ የት ይሄዳል? ዳኛው አፍ ውስጥ ነው» አላት።

«የዳኛ አፍ ጎተራ መሰለህ?» አለችው።

ሰውየው ግን የታዘዘውን ጠበቀ። ቤቱን ዘጋ፤ ልጆቹን ሰበሰበ፤ ከሰው ራቀ። ወራቱ አለፉ። ቀብሩ እየቀነሰ፣ ሳሉ እየጠፋ ሄደ። የገና በዓል ሲቃረብ መድኃኒት አዋቂው፣ «አሁን ሞፈሩን እየጠበቃችሁ ከየቤታችሁ ብቅ ማለት ትችላላችሁ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ግን አትክፈቱ» አሉ። እንግዲህ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው።

የአገሩ ሹም ታላላቆቹን ሁሉ ሰብስቦ በሜዳው ላይ ጉባኤ አስቀመጠ። በአንዱና በአንዱ መካከል ሞፈር ስላለ ጉባኤው ሜዳውን ሞላው። ለመሰማማት መጮኽ ግድ ሆነ። ሲጮኹ ደግሞ ሕዝቡ ከኮረብታው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። በዚያ አገር ሰው የባላባቶችን ምክር ከነመላው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ሕዝቡም ጥሬውን እየቆረጠመ በደስታ ያደምጥ ጀመር።

«ይህ በሽታ የሚበረታው በሐዘን ነው!» አለች የጠጅ ቤቱ ባለቤት። «ሐዘንና ጠጅ ደግሞ አንድ ቤት አያድሩም! የእኔ ቤት ይቅደም!»

«የእግዜር ደጅ ተዘግቶ የብርሌ ደጅ ሊከፈት ነው?» አሉ ካህኑ። «አንቺ ሴት፣ ትንሽ አታፍሪም?»

«አባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጄን ቀድሞ የሚያንኳኳው ማን ሆነና?»

ኮረብታው በሳቅ ተናጋ። ካህኑ ወደ ኮረብታው ዞረው፣ «እናንተ ደግሞ ማን ጠራችሁ!» አሉ።

ያ ባለጸጋ ተነሣ። «እህሌ ከነጉድጓዱ ነቀዘ! ገበያው ካልተከፈተ ከበሽታ የተረፈውን ረኃብ ይጨርሰዋል!»

«አንተ ደግሞ ለተራበ ማሰብ ከመቼ ጀመርክ?» አለው አንዱ ከማዶ።

«ዝም በል፣ የታመመ በግ ሻጭ!»

«የታመመውን በግማ ከማን ገዛሁት?»

እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ሳምንቱ አለቀ። አገሩም በሁለት ወገን ተከፈለ። አንዱ የገበያ ወገን፣ አንዱ የደጀ ሰላም ወገን ተባለ። ወንድም ከወንድሙ ተኳረፈ። አንድ የገበያ ወገን ሰው ቢያስነጥስ የደጀ ሰላም ወገኖች፣ «አያችሁ! ገና ሳይከፈት ጀመረው!» ይላሉ። አንድ የደጀ ሰላም ወገን ሰው ቢያስል ደግሞ እነዚያ፣ «ምን ዋጋ አለው፣ ጸበል የጠጣ ጉሮሮ ነው የሚያስለው» ይላሉ። መድኃኒት አዋቂው ሁለቱንም ወገን ገሠጹ። የሚሰማቸው ግን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ወገን ከምክራቸው የሚጠቅመውን ቃል ብቻ ነጥቆ ይሮጣል።

በመጨረሻው ቀን ገበሬው ከኮረብታው ላይ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ። «የአገር ሽማግሌዎች!» ብሎ ተጣራ። «ችሎቱስ?»

ሹሙ መሬት መሬት አየ። ዳኛው ጋቢውን አስተካከለ።

ባለጸጋው ነው መልሱን የሰጠ። «በችሎት ሰው ይጮኻል!» አለ። «ጩኸት ትንፋሽ ነው! ትንፋሽም በሽታ ነው! ችሎቱ ለጊዜው ይቆይ!» ይህን ሲል እየጮኸ ነበር።

«በዚህስ እውነቱን ነው» አሉ ካህኑ።

«እውነት ነው፣ ችሎቱ ምን አስቸኮለው?» አለች የጠጅ ቤቷ ባለቤት።

በዚያ ሁሉ የጠብ ዘመን ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በዚህ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች ዋርካው ሥር በክስ የሚጠየቅ ሰው ነበራቸውና። ሹሙም ስምምነት በማግኘቱ ደስ ብሎት ወሰነ፦ ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ ይከፈታል፤ ገበያው ቅዳሜ፤ ጠጅ ቤቱ ከሁለቱም በኋላ፤ ጥር ሲገባም ሰርግ ይፈቀዳል። ችሎቱ ለጊዜው ይቆያል።

አገሩ ተከፈተ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይል ነበር። ከወራት ዝምታ በኋላ ገበያው ሲንጫጫ ሰው ሳይገዛ ሳይሸጥ ለመደሰት ብቻ ይሄድ ነበር። አሮጊቶች ከሩቅ እየተያዩ እጃቸውን ያውለበልቡና፣ «አለሽ?» «አለሁ፤ አንቺስ አለሽ?» ይባባላሉ። ሞፈሩን እየጠበቁ የሚጨፍሩ ጎረምሶች ቦታ አልበቃቸው ብሎ ጭፈራው እስከ ወንዙ ደረሰ። ገበሬውም ከሰው ጋር ሳቀ። ይሁን እንጂ ወንዙን ባየ ቁጥር ማሳውን ያያል፤ ክረምቱም እየመጣ ነው። ወደ ዳኛው ቤት ሄዶ ቢለምን ዳኛው በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እኔም ዝም ያልኩት ለጤናህ ብዬ ነው» አለው።

ጥር ገባ። ባለጸጋው ሴት ልጁን ሊድር ዳስ ጣለ። ሀብቱን አገር እንዲያይለት አጥቢያውን በሙሉ ጠራ። ገበሬውንም ጠራው፤ ጎረቤቱን ሳይጠራ የሚድር ሰው ለልጁ መጥፎ ገድ ያመጣል ይባላልና። ጥሪው ሲደርስ ገበሬው፣ «አልሄድም» አለ። ሚስቱ ግን ጥቂት አሰበችና ጠየቀችው።

«ዳኛው ይሄዳል?»

«የክብር እንግዳ ነው።»

«ምስክሮችህስ?»

«አጥቢያው ሁሉ ተጠርቷል።»

«ተከሳሹ?»

«ሴትዮ፣ ቤቱ አይደል እንዴ!»

«ታዲያ ችሎቱ የት ተዘጋ?» አለችው። «ቦታውን ቀየረ እንጂ።»

ገበሬው ትክ ብሎ አያት። ከዚያም ጋቢውን አነሣ።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበረ። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ የልብሱን ጫፍ ከበዳዩ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥራል። ቁራኛ ይባላል። ሁለቱ ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ማንም አይለያያቸውም። ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ነገር ግን ሁለት ሰው በልብስ ጫፍ ከተቋጠረ ሞፈሩ የት ሊገባ ነው? በሽታው በገባ ጊዜ ቁራኛም የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። ሚስቲቱ ከግድግዳው ላይ እውነተኛውን ሞፈር አውርዳ መሬት ላይ አጋደመችው። የእርሱን ጋቢ ዘረጋች፤ አልደረሰም። ነጠላዋን ቀጠለችበት፤ ጥቂት ቀረ። መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ ስትጨምርበት ሞፈሩን አልፎ ተረፈ።

«በል ሂድ» አለችው። «ሕጉንም ጠብቅ፤ ሕግህንም ጠይቅ።»

ሰርጉ ደምቋል። ሰርገኞቹ ከሩቅ አገር መጥተው ሙሽሪትን ሊወስዱ ተዘጋጅተዋል፤ በቅሎዋ ተጭናለች። ከበሮው ይመታል፤ እልልታው ይቀልጣል። ባለጸጋው ካባውን ደርቦ በእንግዶቹ መካከል ሲንጎራደድ ገበሬው ትንፋሹን ይዞ ከኋላው መጣና ያን ረጅም ልብስ ከካባው ጫፍ ላይ ቋጠረ። ሌላው ጫፍ በራሱ ወገብ ታስሯል። ሞፈር ያህል ወደ ኋላ ከራቀ በኋላ፣

«በሕግ አምላክ!» አለ።

በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ ተወው። ጉርሻ ያነሣ ጉርሻውን እንደ ያዘ ቀረ።

«ርቀት! ርቀት!» ብለው መድኃኒት አዋቂው ብድግ አሉ። «ሞፈሩን አትጣሱ!» መጥተውም በእርምጃቸው ለኩት። ለኩና ሳቁ። «ይህስ ከሞፈርም ይበልጣል። ከጤና በኩል ነውር የለበትም» ብለው ተቀመጡ።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ባለጸጋው ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሰደደ፤ ወዲያው ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ብሎት እጁን ሰበሰበ። ክብሩን ለማዳን እንዳላየ ሆኖ እንግዶቹን ሊያስተናግድ ቀጠለ። እርሱ ወደ ጠጁ ሲሄድ ገበሬው ወደ ጠጁ ይሄዳል። እርሱ ለካህኑ እጅ ሲነሣ ገበሬው ሞፈር ያህል ርቆ እጅ ይነሣል። ከበሮው እንደገና ሲመታ ሰርገኞቹ የሙሽሪትን አባት ወደ ጭፈራው ጎተቱት፤ እርሱ እስክስታ ሲወርድ ገበሬውም ወረደ። ባለጸጋው ትከሻውን በነቀነቀ ቁጥር ጋቢው ሳብ ረገብ ይላል። ዘፋኟ ለዚህ ዓይነት ቀን የተፈጠረች ነበረችና እንዲህ አለች፦

«ሙሽሪትን ሸኝተን ልንሄድ ነው ስንል፣
አባቷም ታጭቶ ኖሯል፣ ባልየው ተከትሏል!»

ሰው እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ገበሬውም ሳቁ አሸንፎት ነበር፤ ጋቢውን ግን አልለቀቀም።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። የሙሽራው አጎት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ተነሡ። «መንገዳችን ሩቅ ነው» አሉ። «ልጅቷ የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቅና እንሂድ። ነገር ግን በእኛ አገር ቁራኛ ላይ ያለ ሰው አይመርቅም። ምርቃቱ ከነቋጠሮው ይሄዳል። እዚህ ዳኛ የለም እንዴ?»

ዓይን ሁሉ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው የያዘውን አጥንት ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «አለሁ» አለ። «ግን ምን ላድርግ? ችሎቱ ተዘግቷል።»

«አፍዎም ተዘግቷል?» አሉ አጎትየው። «ከጠዋት ጀምሮ ሳይዎት ግን ጥሩ አድርጎ ይከፈታል።»

እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ሹሙ ራሱ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመጋረጃው ውስጥም ሙሽሪት፣ በዚያን ቀን ማልቀስ እንጂ መናገር የማይፈቀድላት፣ «አባዬ፣ ድንጋዮቹን መልስላቸውና ልሂድበት፤ በቅሎዋ ቆማ ደከማት» አለች።

ባለጸጋው አንገቱን ደፋ። ዳኛው ተነሣ። እጁን ታጠበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ግራ ቀኙን ሰምተናል» አለ። «ድንጋዮቹ ተነሥተዋል። ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ማሳው የገበሬው ነው።» ከዚያ በላይ አልተናገረም። ያን ሁሉ ወራት አፉ ውስጥ የነበረው ፍርድ ይኸው ነበር፤ ለመናገር አንድ ጉርሻ ለማላመጥ የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ገበሬው ቋጠሮውን ፈታ። ልጅቷ ወጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ተመረቀች። እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ገበሬው ቤቱ ሄዶ ሚስቱን አመጣና ሁለቱም ሙሽሪትን እስከ መንገዱ መታጠፊያ በጭፈራ ሸኙ። ባለጸጋውም መጨረሻ ላይ ሳቀ ይላሉ፤ ይህን እንኳ እኔ እንጃ።

እንግዲህ ልሳነወርቅ፣ ሳቅህን ጨርስና የምሳሌውን ፍች እነግርሃለሁ። የትኛው በር ይቅደም ብለህ ጠየቅኸኝ። ስታዲየሙ የሚጮኽለት ሰው አለው፤ ቤተ እምነቱም አለው። ዛሬ ባይከፈቱ ነገ ይከፈታሉ። ሐኪሞቹን ስሙ፤ ርቀቱን ጠብቁ፤ ከሁለቱ አንዱን ሳንቲም ወርውራችሁ ብትመርጡም አገር አይጠፋም። አንተ ግን ሁለቱ ወገኖች ያልተጣሉበትን በር ፈልግ። ይቆይ ሲባል ሁሉም በእሺታ ራሱን የነቀነቀበትን በር ፈልግ። እሱን በር የዘጋው በሽታ አይደለም። በሽታው አላፊ አግዳሚ ነው፤ ሲያልፍ በሩን ተደግፎ አረፈና ሰዎቹ ከውስጥ ቀረቀሩት። መቅደም ያለበት እሱ ነው።

ገበሬው ማለት እኔ ነኝ። የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ የወደቀበትን ፈተና አላሳልፍም ብዬ ከማስተምርበት ኮሌጅ በሐሰት ክስ አባረሩኝ። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሊሰማኝ ቀጥሮኝ፣ ልብሴን ለብሼ ደጁ ላይ ቆሜ ሳለ ነው ሁሉ ነገር ይዘጋ የተባለው። እኔም ነፍስ ይቀድማል ብዬ ቤቴ ገባሁ። ገበያ ከፈታችሁ፤ ደስ አለኝ። መናኸሪያ ከፈታችሁ፤ እናቴን ሄጄ አየሁ፤ አመሰገንኳችሁ። የይግባኙ ክፍል ግን ዛሬም ተቆልፏል፤ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ስለ እርሱ የተጣላ አንድ ሰው የለም። ያ ገበሬ የታደለ ነው፤ በዳዩ ሰርግ ደግሶ ጠራው። እኔን የሚጠራኝ የለም።

አንተ ግን ዛሬ በእግርህ ቤቴ መጥተሃል፤ ልትጠይቀኝ። ጠይቀሃል፤ መልሻለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው። «እናያለን» አትበለኝ፤ «ለጊዜው» አትበለኝ። ጸሐፊው አንተ ነህና ቀኑን ንገረኝ፤ የምሰማው መቼ ነው? ልሳነወርቅ፣ መልስልኝ።